ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። የእህቴ ልጅ በኤአይ ታግዞ በሦስት ቀን የመጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራልኝ። ደብተሬን ልተወው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ገና ነው፣ አይተዉት። ኮድ በመጻፍ የሚያግዘው ኤአይ፣ ጊትሃብ ኮፓይለት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ ኮድ መጻፍ በጣም ፈጥኗል። እኔም በየቀኑ በኤአይ እሠራለሁ። ማጣራቱ ግን የሰው ሥራ ነው። ባለፈው ለአንድ ነጋዴ ያሠራሁት ፕሮግራም «ጳጉሜን 3» ብዬ ስጽፍ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ እምቢ አለኝ። ዓመቱን 12 ወር አድርጎት ነበር! በጣም ደነገጥኩ። እርስዎም ፈረሱላውን ይፈትሹ፤ 10 ፈረሱላ አስገብተው 170 ኪሎ ካላለ ልጁን ይጥሩት። የተመዘገበ ሲሰረዝ ማን እንደሰረዘው ያሳያል? እሱንም ይጠይቁት። ጳጉሜን እስኪያልፍ ደብተሩንም ፕሮግራሙንም ጎን ለጎን ይያዙ፤ ማታ ማታ ድምሩን ያስተያዩ።