ትንንሾቹ ኮከቦች ሲበዙ፦ ከጅማ የጨው ውኃ ገንዳ ጥያቄና መልስ

ጅማ ላይ የጨው ውኃ ገንዳ ስተክል ጎረቤቶቼ «ባሕሩን ሳሎን ሊያስገባ ነው» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ዛሬ እነዚያው ጎረቤቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ለማየት ይመጣሉ። ገንዳው 200 ሊትር ይይዛል፤ ኮራል (ተክል የሚመስል የባሕር እንስሳ)፣ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አሉበት። ሳልጠራቸው የመጡ፣ የጣት ጥፍር የማያክሉ ኮከብ ዓሦችም አሉ። ስለ እነርሱ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጅማ ሰፈሮች ለደረሱኝ ጥያቄዎች እነሆ መልሶቼ።

ከሂርማታ፦ ጋሼ፣ መስታወቱ ላይ ነጫጭ ኮከቦች አየሁ። አንዱ አምስት ክንድ አለው፣ አንዱ ሰባት፣ አንዱ ሦስት ብቻ። ታመው ነው?

አልታመሙም፤ እየተባዙ ነው። አስተሪና የሚባሉት እነዚህ ኮከቦች ጥንድ ሳይፈልጉ ይራባሉ። አካላቸው መሐል ለመሐል ይከፈልና እያንዳንዱ ግማሽ የጎደለውን ክንድ መልሶ ያበቅላል። ባለ ሦስት ክንዱ ገና መከፈሉ ነው። ስለዚህ በምላጭ ቆርጠህ ልግደል አትበል፤ አንዱን ስታጠፋ ሁለት ልትተክል ትችላለህ።

ከቆጪ፦ አንዱ ኮራሌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ኮራሉም እየሞተብኝ ነው። እየበላው ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ቶሎ አትፍረጂ። አብዛኞቹ የሚበሉት መስታወትና ድንጋይ ላይ የሚያዘውን ስስ አልጌ ነው። ጨጓራቸውን በአፋቸው አውጥተው ምግቡ ላይ ያለብሱትና እዚያው ይፈጩታል። አንዳንዶቹ ድንጋዩን የሚሸፍነውን ሐምራዊ ቅርፊት መሰል አልጌ ይበላሉ፤ ካለፉበት ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ዞአንቲድ የሚባሉትን፣ ቁልፍ የመሰሉ ኮራሎች የሚያጠቁ ደግሞ አሉ፤ ጥቂት ናቸው።

ለመለየት ሌሊት መሰለል ነው። መብራቱ ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ በርጩማዬን ገንዳው ፊት አኖርና ቀይ ላስቲክ በሸፈንኩት ባትሪ እመለከታለሁ። ጤነኛ ኮራል ላይ በተከታታይ ሌሊቶች የሚገኝ፣ ሲነሳም የተጎዳ ሥጋ ትቶ የሚሄድ ከሆነ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ቀድሞ የታመመ ኮራል ላይ ከተገኘ ግን ጥንብ አንሣ ሬሳ ላይ ስላረፈ ገዳይ እንደማይባለው ነው። እኔ አንድ ጊዜ አርባ ያህል ለቅሜ ካወጣሁ በኋላም ኮራሉ መሞቱን ቀጠለ። ለካ መብራት በሄደበት ሌሊት ማሞቂያው ተበላሽቶ ኖሯል! የጅማ ሌሊት ደግሞ 25 ዲግሪ ለለመደ ፍጥረት ብርድ ነው።

ክንዳቸው እንደ ክር የቀጠነ፣ እንደ እባብ የሚጥመለመሉትስ?

እነርሱ ሌላ ወገን ናቸው፤ ድንጋይ ሥር የወደቀ ትርፍራፊ ይበላሉ። ተዉአቸው።

ኮከብ ዓሣ ብቻ የሚበላ ሽሪምፕ (ብዙ እግር ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ) አለ ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው አለኝ፤ ላስመጣ?

አለ፤ ሃርለኩዊን ሽሪምፕ ይባላል፤ ትልልቅ ነጠብጣብ ያለው፣ እጅግ የሚያምር ነው። ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፦ ኮከቦቹ ሲያልቁ ይራባል፤ የዓሣ መኖ አይቀምስም። በየጊዜው ሌላ ኮከብ ዓሣ እየገዛህ ካላቀረብክለት ይሞታል። ጅማ ላይ ከየት ታመጣለታለህ? እኔ በበኩሌ ርኅራኄ የጎደለው ግዢ ነው እላለሁ። ወረንጦ ይሻልሃል፤ ወይም ውኃ በምትቀይርበት ቀን በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ከውኃው ጋር እየሳብክ ወደ ባልዲ ማውጣት። ምሽት ምሽት አሥር አሥር ብታነሳ በወር ውስጥ ልዩነቱን ታየዋለህ። መኖውንም ቀንስ፤ የሚበዙት የሚበሉት ስለተረፈ ነው።

የመዳብ መድኃኒት ልጨምር? ወይስ ኮምጣጤ ልውጋቸው?

መዳቡን ከነሐሳቡ ተወው። ኮከቡን ይገድላል፤ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውንም ይገድላል፤ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎም ይቆያል። ኮምጣጤ የሚወጉት አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ፣ ሰፌድ የሚያህለውን እሾሃማ ኮከብ ዓሣ ነው፤ ጥፍር የማያክለውን የት ትወጋዋለህ?

ደግሞም ሁሉም ባንድ ሌሊት ቢሞቱ ብስባሹ ኦክስጅን ይጨርሳል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ እዚህ ያለ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው የሚይዘው። የውኃው ገጽ ሁልጊዜ እንዲናወጥ የምወተውተውም ለዚህ ነው።

ለገንዳ ውኃ ተብሎ የሚሠራው የፋብሪካ ጨው ውድ ነው። አሞሌ ከአፋር ይመጣል፤ አይሆንም?

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። አይሆንም። አሞሌ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም ተራው የምግብ ጨው ብቻ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ በውስጡም ወደ 400 ሚሊ ግራም ካልሲየምና ወደ 1,300 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም አለ። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ነው። በአሞሌ ውኃ ማኖር ሰውን በበርበሬ ብቻ እንደመቀለብ ነው።

የዝናብ ውኃስ? ጅማ ላይ ዝናብ ሞልቷል።

ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ አይሆንም። የቆርቆሮው ዚንክ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም በውኃው የሟሟውን ሁሉ በስስ ወንፊት በሚያስቀር ማጣሪያ፣ የተጣራ ውኃ ፈልጉ።

ከጅሬን፦ የለቀምኳቸውን አዌቱ ወንዝ ልጣላቸው?

አትጣዪ። ወንዝ የገንዳ መድፊያ አይደለም። ኩባያ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ጨምሪያቸው፤ ጨው የሌለው ውኃ ይገድላቸዋል፤ ከዚያ ጓሮ ቅበሪያቸው። የገንዳውን ጨዋማ ውኃ ግን ተክል ሥር እንዳትደፊ። እኔ አንድ ባልዲ ቡና ችግኝ ሥር ደፍቼ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ አርሮ ረገፈ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።