ስምንት ዓመት ሲስተር፣ ዛሬ ደግሞ ፍሬሽ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ማስተርስ ናቸው፣ ወቅቱ ነው መሰለኝ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ሁሉም ሻንጣውን ያወርዳል። ሦስቱን መርጫለሁ። እኔም ነርስ ነኝ፣ ማስተርሴን የተማርኩት ልጅ ወልጄ ነው፣ ስለዚህ የራሴን ጉድ እየቀላቀልኩ ብመልስ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር እንደምን አለሽልኝ፣ የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። 8 ዓመት ሕፃናት ዋርድ ሰርቻለሁ፣ ዘንድሮ ጋት የሚባለውን የማስተርስ መግቢያ ፈተና አልፌ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ማስተርስ ደረሰኝ፣ ትምህርቱ ግን ሐረር ነው አሉኝ። ሐረርን የማውቃት በቲቪ ነው፣ ጅብ በአፋቸው ሲያጎርሱ። ኦሮምኛ አልችልም፣ ከተመረቅኩ ጀምሮ ከቻርት ሌላ ጽፌ አላውቅም፣ ቲሲስ ሲባል ሆዴን ይቆርጠኛል። የ4 ዓመት ልጄን ለእናቴ ትቼ ነው የምሄደው። ከምን ልጀምር? — ግራ የገባት

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ አለሽ፣ እሱ ይቅደም። እውነታቸውን ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሐረማያ ነው፣ ሽማግሌዎቹ እስከዛሬ ዓለማያ የሚሏት፣ የጤና ኮሌጁ ግን ሐረር ነው ያለው፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም እዛው ነው። በመሃላቸው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፣ አወዳይን አልፈሽ ነው የምትሄጂው። ይሄን የማስረዝመው አንዷ የክፍላችን ልጅ ሌሊት ተነስታ ስትጓዝ ውላ "ሐረማያ!" ሲል ረዳቱ ሻንጣዋንም ፍራሿንም አስወርዳ ቀረች፣ እኛ ሐረር ሆነን ስንጠብቃት እሷ አስፋልት ዳር ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ ትደውላለች። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ምዝገባው የቱ ግቢ እንደሆነ ደውለሽ አረጋግጪ። ሹራብም ያዢ፣ ሐረር ማለት ድሬ አይደለችም፣ ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ማታ ማታ ይበርዳል።

ወረቀቱን ዛሬ ጀምሪ፣ ነገ አትበይ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚባለው ዲግሪሽን የሰጠሽ ዩኒቨርሲቲ አሽጎ ቀጥታ ለአዲሱ ሬጅስትራር የሚልከው ነው፣ እጅሽ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ እሱን አይተካም፣ ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ሰው ደሞ እዛው ላይ ይያዛል። እኔ "ልከንልሻል" ብለውኝ አምኜ ሁለት ወር ተቀመጥኩ፣ አይደርስም አይደርስም፣ በመጨረሻ አውቶብስ ተሳፍሬ ሄድኩ፣ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ፖስታው ስሜ ተጽፎበት ታሽጎ እዛው ጠረጴዛ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት፣ ክቡ ምልክት እስከዛሬ አይኔ ላይ አለ። አንቺ የደብዳቤውን ቁጥርና የወጣበትን ቀን ሳትይዢ ከቢሮው አትውጪ። ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር የምትፈርሚውን ውልም ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ደሞዝሽ ይቀጥላል ወይ፣ ስትጨርሺ ስንት ዓመት ተመልሰሽ ታገለግያለሽ፣ ባትመለሺስ፣ ከዛ አንድ ኮፒ ለራስሽ።

ቤት ላይ አልቆይም። የመጀመሪያውን ሳምንት አትዋዋዪ፣ ክፍሉ ከማማሩ በፊት ግቢው ሮቶ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ተራውም ይጠፋል። ጅቡን በተመለከተ፣ አዎ፣ ማታ ከዲዩቲ ስትወጪ መንገድ ላይ ልታገኚው ትችያለሽ፣ ሐረሪዎቹ ዋራባ ይሉታል፣ የሰፈሩ ሰው ዞር ብሎም አያየው፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ጩኸቴን ለቅቄው አንድ አሮጊት "ምን ሆንሽ ልጄ፣ መንገደኛ እኮ ነው" አሉኝ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር። 8 ዓመት ሲስተር ሲስተር ስትባዪ ከርመሽ፣ ጁኒየሮቹን ስታዢ፣ ዶክተሩ ሳይቀር "ሲስተር ይሄ ልጅ እንዴት ይመስልሻል" ሲልሽ ኖረሽ፣ ክፍል ገብተሽ ፍሬሽ ትሆኛለሽ። ያማል። አጠገብሽ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ወዲያው ጂኤ (ረዳት አስተማሪ) የሆነች የ24 ዓመት ልጅ ትቀመጣለች፣ ላፕቶፑን እንደ ክራር ነው የምትመታው፣ አንቺ ገና ፋይሉ የት ሴቭ እንደሆነ ትፈልጊያለሽ። እኔ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት አፍሬ ዝም በማለት ነው፣ አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ኋላ ላይ አንዷን ጂኤ ዋርድ ውስጥ አገኘኋት፣ ውሃ ያለቀበት ጨቅላ ይዛ ቬን ጠፍቶባት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱ ላይ አገኘሁላትና ገባ። በዛው ሳምንት ዞቴሮ የሚባለውን ነገር እሷ ጫነችልኝ፣ ሬፈረንስ በራሱ የሚደረድር፣ በነጻ የሚገኝ፣ እኔ እስከዛ ድረስ በእጄ ነበር የምደረድረው። በቃ እንደዛ ተያዙ፣ አንቺ እጅሽን እነሱ ላፕቶፑን።

ንባቡ መጀመሪያ ይከብዳል። 8 ገጽ አርቲክል ሦስት ማታ ቢፈጅብሽ ደደብ ነኝ አትበዪ፣ ከላይ ወደ ታች ማንበቡን ተዪው፣ አብስትራክቱን፣ ከዛ ሜተዱን፣ ከዛ ሰንጠረዦቹን፣ ሌላውን ካስፈለገሽ። ፐብሜድን፣ የሕክምና ጽሑፎች ማውጫውን፣ በነጻ ትፈልጊበታለሽ፣ በክፍያ የተዘጉትን ጆርናሎች ደግሞ በሂናሪ ታገኚያቸዋለሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አገሮች ተቋማት የሚጠቀሙበት፣ ላይብረሪ ገብተሽ እንዴት እንደሚከፈት ጠይቂ። ስንት ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ "ፔይመንት ይጠይቀኛል" እያለ አብስትራክት ብቻ አንብቦ ይመረቃል መሰለሽ።

ቲሲስ ግን አሁን ነው የሚጀመረው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ አይደለም። የምጽፈው አጣሁ የሚል ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚፈልገው፣ እኔም እንደዛው፣ አድቫይዘሬ ጋ የወሰድኩት የመጀመሪያ ርዕስ ሰው አገር ስለሚጠቀሙበት ማሽን ነበር፣ "ይሄን ማሽን አይተሽዋል?" አሉኝ፣ አላየሁትም። "እሺ በስራሽ ላይ ሁሌ የሚያናድድሽ ምንድነው?" አሉኝ። እዛው ትዝ አለኝ። የምሰራበት ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሆኜ ቻርት ስገለብጥ ሪስፒራቶሪ ሬት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ፣ ሁሉም ጋ 20 ነው፣ አልጋ 3፣ 20፣ አልጋ 4፣ 20፣ አልጋ 5 የ7 ወር ሕፃን ነው፣ እሱም 20። የ7 ወር ሕፃን እኮ በአይኤምኤንሲአይ፣ በሕፃናት ሕክምና መመሪያው፣ ከ50 ጀምሮ ነው ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው፣ 20 ከተነፈሰማ ያ ልጅ ወደ መቆም እየሄደ ነው ማለት ነው፣ እሱ ግን ቁጭ ብሎ የእናቱን ሻርፕ ያኝካል። ማንም አልቆጠረም። ደረቱን ገልጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ለ40 በሽተኛ 40 ደቂቃ ነው፣ ነርሷ ሁለት ብቻ ናት፣ ከየት ታምጣው። እኔም ጽፌዋለሁ ያንን 20፣ አልዋሽሽም። ይሄን ስነግራቸው አድቫይዘሬ እስክሪብቶ አነሱ፣ ቲሲሴ ከዛ ወጣ።

አንቺ ደግሞ 8 ዓመት ሕፃናት ዋርድ ነው የሰራሽው፣ ደሴ ላይ ያናደደሽን ነገር ሁሉ አሁኑኑ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ሐረር ስትደርሺ ስንቱ እዛም እንዳለ ታያለሽ። እና ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቀርሳ ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት የሚመዘግብበት የጥናት ጣቢያ አለው፣ ስለ ሕፃናት የምታስቢ ከሆነ ከዛ የወጡትን ጽሑፎች ሳታነቢ ርዕስ አትያዢ። ጥናቱን የሚፈቅደው ኤቲክስ ኮሚቴ ጋ ፕሮፖዛል ገብቶ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል፣ ያንን በካላንደርሽ ላይ ቁጠሪው።

ቋንቋው እንዳሰብሽው አያስፈራም። ከተማው ውስጥ በአማርኛ ትኖሪያለሽ፣ አልጋው ጋ ግን ከገጠር የሚመጣው በሽተኛ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው፣ ሶማሊኛም አለ፣ ሐረሪም አለ። "አካም ቡልታን" ብለሽ ግቢ፣ "ማልቱ ሲ ዱኩባ" በዪ፣ ምንሽን ያምሻል ማለት ነው፣ መልሱ ባይገባሽ እንኳን እናትየዋ ፊቷ ይፈታል፣ የቀረውን አስታማሚው ይሞላልሻል። መጠይቅሽን ግን አስታማሚ እንዲተረጉምልሽ አትሞክሪ፣ እሱ ወደ ኦሮምኛ ይተረጎማል፣ ከዛ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ሁለቱ ይገጥሙ እንደሆነ ይታያል።

ስለ ልጅሽ የምመክርሽ የለኝም። ማታ 2 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እደውል ነበር፣ የመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰ፣ ሁለተኛው ሳምንት ስልኩን ሳመውና ወደ ካርቱኑ ሮጠ፣ የሁለተኛው ነው የባሰብኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ድሬዳዋ ነው የምሰራው፣ ሚስትና ሁለት ልጅ አለኝ። ማታ ማታ ዲዩቲ እየገባሁ ቀን ሐረር ብመላለስስ? 55 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው። — ከሳቢያን

መልስ፦ አቦ ወንድሜ፣ ኪሎ ሜትሩን ተወው፣ ሰዓቱን ቁጠር። ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ደንገጎን እየተጠማዘዝክ እስክትወጣ፣ አደሌ ላይ አንዱ ወርዶ ሁለት እስኪገቡ፣ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት በለው፣ ያውም ናይት አድረህ። አንድ ልጅ አውቃለሁ እንዲህ የሞከረ፣ ባዮስታትስቲክስ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር፣ መምህሩ ሳይቀር አዝነውለት ዝም ይሉታል። ማስተርስ ላይ አማካይ ውጤት ከ3.00 በታች ከሆነ እንደማትመረቅ ደግሞ አትርሳ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የትምህርት ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ኮርስ የሚበዛበትን የመጀመሪያ ዓመት ሐረር ላይ ደባል ይዤ እቀመጥና ዓርብ ማታ ወደ ልጆቼ እወርዳለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ኮርስ ካለቀ፣ ዳታህን እዛው ድሬ መሰብሰብ ትችላለህ፣ ድልጮራ ሆስፒታልም አለ፣ ጤና ጣቢያዎቹም አሉ፣ የድጋፍ ደብዳቤህንና የኤቲክስ ወረቀትህን ይዘህ እስከሄድክ ድረስ። ያኔ ቤትህ ነህ።

ጥያቄ፦ እኔ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ዳታውን ሰብስቤ ጨርሻለሁ ግን ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር አይገባኝም፣ አናላይዝ አድርጎ የሚሰጥ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ብከፍለው ችግር አለው? — ስሜ ይቆይ

መልስ፦ አስተማሪ አድርገህ ክፈለው። አጠገቡ ተቀመጥ፣ እሱ አፉን እንጂ እጁን አይጠቀም፣ ማውሱ አንተ ጋ ይሁን። ዳታውን ኢፒዳታ ላይ፣ ማስገቢያ ፕሮግራሙ ላይ፣ ስታስገባ የተሳሳተውን ራስህ አጽዳ፣ ዕድሜ 230 የተባለ ሰው አይጠፋም። ሳምፕልህም እንደ ሁሉም ሰው 423 ከሆነ ከየት እንደመጣ እወቅ፣ 1.96 (ለ95 ፐርሰንት እርግጠኝነት) ስኩዌር ሲባዛ በ0.5 (የምትገምተው ድርሻ) ሲባዛ በ0.5 (ቀሪው)፣ ለ0.05 (የምትፈቅደው ስህተት) ስኩዌር ሲካፈል 384 ይሆናል፣ ለማይመልሱት 10 ፐርሰንት ትጨምርበታለህ። ለምን 0.5 አልክ ሲሉህ ቀድሞ የተሰራ ጥናት ካለ እሱን ለምን እንዳልወሰድክ እየጠየቁህ ነው። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ውስጥ 1 ካለ ደግሞ ኦድስ ሬሾው 2 ነው 3 ነው ብለህ አትፎክር፣ 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው።

አንድ ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ስላይዱ ያምራል፣ ሱፉ ያምራል፣ ኤግዛሚነሩ "ይሄን ቫሪያብል ወደ መልቲቫሪየት ለምን ወሰድከው፣ ፒ ቫልዩው እኮ 0.6 ነው" አሉት፣ ግንኙነት ያላሳየውን ለምን ወደ መጨረሻው ስሌት አስገባኸው ማለታቸው ነው። ዝም። ትንሽ ቆየና "ልደውልለት?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር፣ ስልኩን አውጥቷል።