የተፈጥሮ ዝባድ ልግዛ ወይስ ምትኩን? የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ በአዲስ አበባ ሽቶ በእጄ እየቀመምኩ በአነስተኛ ሱቅ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ፣ በተለይም ከዓረብ አገሮች ለዕረፍት የሚመጡት ወገኖቻችን፣ የተፈጥሮ ዝባድ የገባበት ሽቶ ይጠይቁኛል። አንድ የጅማ ነጋዴም በቀንድ የታሸገ ዝባድ ሊያቀርብልኝ ተስማምቷል። እህቴ እንስሳ አስሮ በተገኘ መዓዛ መነገድ ነውር ነው ትለኛለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ዝባድ የአባቶቻችን ሀብት ስለሆነ በፋብሪካ ኬሚካል መተካት የለበትም ባይ ነው። የእናንተ አስተያየት ምንድን ነው? ከዕፅዋት የሚገኝ ምትክስ ይኖራል?
ወ/ሮ ሳ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወይዘሮ ሳ.፣ ነጋዴው የሚያቀርብልዎትን ዝባድ ባይገዙ እንመርጣለን። ይህን የምንለው ከእንስሳ የተገኘ ሁሉ መጥፎ፣ ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለን አይደለም፤ ዝባዱ በሚሰበሰብበት መንገድ እንስሳው ላይ የሚደርሰው ሥቃይ ለሽቶ ተብሎ ሊደርስበት የማይገባ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ዝባድ ጥርኝ ከጭራው ሥር ባለው የዕጢ ከረጢት የሚያመነጨው ቅባት ነው። ጥርኝ ብቻውን የሚኖር፣ ቀን ተሸሽጎ ሌሊት ሰፊ ቦታ የሚያስስ እንስሳ ነው፤ በዱር ሳለ ቅባቱን በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ እየቀባ መኖሩን ለሌሎች ጥርኞች ያስታውቅበታል። በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ለዘመናት በቆየው አሠራር ግን ወንዱ ጥርኝ በወጥመድ ተይዞ፣ ዞር ለማለት እንኳ በማያስችል ጠባብና ረዥም የእንጨት ማጎሪያ ውስጥ፣ ጭስ በሞላበት ጨለማ ቤት ይቀመጣል። ማጎሪያው የሚጠብበው ጠባቂው ከረጢቱን ገልብጦ ዝባዱን በሚፍቅበት ጊዜ እንስሳው ዞሮ እንዳይነክሰው ሲሆን፣ እሳቱ የሚነደው ደግሞ ሙቀት ዝባዱን ያበዛዋል ተብሎ ስለሚታመን ነው። በየዘጠኝና በየአሥር ቀኑ ያህል ይፋቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚገኘውም ጥቂት ግራም ብቻ ነው። በዚህ አያያዝ ጥርኝ ስለማይራባ የሞተውን የሚተካው ምንጊዜም ከጫካ የሚያዝ ሌላ ጥርኝ ነው፤ አዲስ ከተያዙት መካከልም ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሚሞቱ የእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲያሳውቁ ቆይተዋል።

አንዳንዶች ‹‹ጥርኝ ቢያንስ አይገደልም›› በማለት ይከራከራሉ። በእርግጥ በእስያ ተራሮች የሚኖረው የምስክ አጋዘን ምስክ የሚባለውን መዓዛማ ቅባት ለያዘው ከረጢቱ ሲባል በብዛት ታድኖ ቁጥሩ ክፉኛ ስለተመናመነ፣ እንደ ሕንድና ኔፓል ባሉ አገሮች የሚገኘው ዝርያ ለዓለም አቀፍ ንግድ እንዳይቀርብ ታግዷል። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘዋወር ለሚያድር እንስሳ ለዓመታት ሳይንቀሳቀሱ መኖር ከሞት የቀለለ ነው ማለት ለእኛ ይከብደናል።

የባለቤትዎ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዝባድ ከእናርያ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር በሲራራ ነጋዴዎች እየተጫነ እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር፤ ኢትዮጵያም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ለዓለም የሽቶ ኢንዱስትሪ ዋነኛዋ የዝባድ አቅራቢ ሆና ኖራለች። ጥርኝ የሚጠብቀው ገበሬም ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ቤተሰቡ ከሚመገበው ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ቀንሶ ያበላዋል። ነገር ግን አባቶቻችን ለዝባድ ምትክ አልነበራቸውም፣ እኛ ግን አለን።

ምትኩ የመጣው ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ዋና መዓዛ ሰጪ የሆነውን ሲቬቶንን አወቃቀር፣ ማለትም አሥራ ሰባት የካርቦን አተሞች የተያያዙበትን ቀለበት፣ ከገለጸ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ትልቅ ቀለበት ጸንቶ ሊቆም ይችላል ብሎ የገመተ ኬሚስት እምብዛም አልነበረም፤ ሩዚችካም እ.ኤ.አ. በ1939 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር። ዛሬ ሲቬቶን ያለ አንድም ጥርኝ ይመረታል። ልዩነት የለውም ብለን ግን አናታልልዎትም፤ የተፈጥሮው ዝባድ ከሲቬቶን ሌላ ብዙ ውሁዶች ስላሉበት የለመደ አፍንጫ ሊለየው ይችላል።

እህትዎም ቢሆኑ ሰው ሠራሽ የተባለውን ሁሉ ሳይመረምሩ እንዳይቀበሉ እንመክራለን። አልበርት ባወር እ.ኤ.አ. በ1888 ፈንጂ ሲመራመር በአጋጣሚ ያገኘው የናይትሮ ምስክ፣ ማለትም በፋብሪካ የሚሠራ የምስክ ምትክ፣ ርካሽ ስለነበር ሳሙናና ሽቶ ውስጥ በሰፊው ገባ፤ ከዚሁ ወገን የሆነው ምስክ ዛይሊን ግን በአካባቢና በሕያዋን አካል ውስጥ ሳይበሰብስ እየተጠራቀመ በመገኘቱ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያለ ልዩ ፈቃድ ሥራ ላይ እንዳይውል ከወሰነባቸው ኬሚካሎች ተርታ አስገብቶታል። ሲቬቶን የሚመደብባቸው ትልልቅ ቀለበት ያላቸው ምስኮች በአንጻሩ በቀላሉ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ አቅራቢዎን ‹‹ምስክ አለህ ወይ?›› ከማለት ይልቅ የትኛው ምስክ እንደሆነ በስሙ ይጠይቁት።

ከዕፅዋት ወገን በመዓዛው ወደ ዝባድ የሚጠጋው የባሚያ ዘመድ ከሆነ ተክል ፍሬ የሚወጣው የአምብሬት ዘይት ነው። በውስጡ ያለው አምብሬቶላይድ እንደ ሲቬቶን ትልቅ ቀለበት ያለው ምስክ ሲሆን፣ ለስለስ ያለ መዓዛ አለው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ከዕፅዋት መሆኑ ብቻውን ሕሊናን የሚያሳርፍ እንዳይመስልዎትም። እርስዎ ሳይጠቀሙበት የማይቀሩትን የራሳችንን ዕጣን ይመልከቱ፦ በመተማና በትግራይ ቆላ የሚገኘው የዕጣን ዛፍ ሙጫው እንዲፈስ ቅርፊቱ ከመጠን በላይ እየተፋቀ፣ ቡቃያውም በከብትና በእሳት እየጠፋ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እዚህ ላይ መፍትሔው ዕጣንን መተው አይደለም፤ የቆላ ገበሬ ዛፉን የሚጠብቀው ከዛፉ ሲጠቀም ነውና፣ ዛፉን እያሳረፈ ከሚያደማ ማኅበር በተሻለ ዋጋ መግዛት ነው።

ጥርኝን በተመለከተም ለገበሬው የሚበጅ መንገድ ሊኖር ይችላል። በዱር ያለው ጥርኝ በተደጋጋሚ ከሚቀባባቸው ግንዶችና ድንጋዮች ላይ ዝባዱን መሰብሰብ የሚቻልበትን ሁኔታ ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ፤ ምርቱ ትንሽ፣ ጥራቱም ያልተስተካከለ ቢሆን እንኳ ገበሬው ጫካውን እንዲጠብቅ ምክንያት ይሆነዋል። የጅማው ነጋዴ በዚህ መንገድ የተሰበሰበ መሆኑን በማስረጃ ካሳየዎት በደስታ ይግዙት፣ ደኅና ዋጋም ይክፈሉት። እስከዚያው በሲቬቶን የቀመሙትን ሽቶ ‹‹የተፈጥሮ ዝባድ›› ብለው አይሽጡ፤ ጠርሙሱ ላይ ‹‹የዝባድ መዓዛ፣ ከእንስሳ ያልተገኘ›› ብለው ይጻፉበት፤ ምክንያቱን ለሚጠይቅዎት ደንበኛም ጥርኙ እንዴት እንደሚያዝ ሳይሸሽጉ ይንገሩት።