ስለ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ሁለቱ የአንበሳ ሐውልቶች
ሁለቱ አንበሶች አንድ ናቸው ወይ ላልከው፣ አይደሉም ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ነው የሚያምታታው። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው፣ ዘውድ ደፍቶ መስቀል ያለው ባንዲራ የያዘው፣ በ1923 ለአፄ ኃይለሥላሴ ንግሥ የቆመ፣ ከዛ ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወስዶት ስንት ዓመት እዛ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ብሔራዊ ቴአትር ጋር ያለው ግን የድንጋይ ነው፣ ፈረንሳዊው ቀራፂ ካልካ ለአፄ ኃይለሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ (25ኛ የንግሥ ዓመት) የሠራው፣ 1948 አካባቢ። ፊቱን ጠጋ ብለህ እየው፣ ቅርጹ ማዕዘን ማዕዘን ነው፣ ለኔ ከሁሉም እሱ ይበልጥብኛል። ከዛ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ስትወጣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋር ትግላችን ሐውልት አለልህ፣ የደርግ ነው፣ 1977። ጫፉ ላይ ማዘጋጃ ቤት። ደግሞ ለገሃር ማለት «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ ስለዚህ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል ሁለቴ እየጠራነው ነው 😄