ደወልኩ ማለት መንገዱ የኔ ነው ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የተራራ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በጠባብ መንገድ ቁልቁል ስወርድ ኩርባው ላይ ሁለት እግረኞች አጋጠሙኝ። ደወል ደውያለሁ። ፍሬን ስይዝ ግን የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተና አፍንጫቸው ስር ደርሼ ቆምኩ። ሴትየዋ ክው አለች፣ ሰውየው ተቆጣኝ። ጥፋቱ የማን ነው? አቀበት ከሚወጣ ብስክሌተኛ ጋር ብገናኝስ ቅድሚያ የማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርህ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። ደወል «መጣሁ» ይላል እንጂ «ዞር በሉ» አይልም። የሰማው ሰው ከየት እንደምትመጣ ለማየትና ጥግ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ኩርባው ላይ ደርሰህ ከደወልክ ያ ጊዜ የለውም።

ከዓመታት በፊት እኔም እንዳንተው አንድ አዛውንት ፊት ድንገት ደርሼ ቆሜያለሁ። አልነካኋቸውም። እሳቸው ግን መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ውሃ ሊጠጡ ኮዳቸውን ሲያወጡ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ክዳኑ አልከፈት አላቸው። ከፍቼ ሰጠኋቸው። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ ወዲህ «አልነካሁም እኮ» ብዬ አላውቅም።

ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር የተመሠረተው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ያስፋፋው ደንብ እንዲህ ነው፦ ብስክሌተኛ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ይሰጣል። ቁልቁል የሚወርድ ደግሞ ሽቅብ ለሚወጣ። መንገዱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚነዳበት ወይም ለመውረጃ ብቻ እንደሆነ በምልክት ካልተገለጸ በቀር ማለት ነው። አቀበት መሃል የቆመ ሰው እንደገና መነሳት መከራው ነው። አንተ ፍሬኑን ከለቀቅክ በቃ፣ ትሄዳለህ።

ፈረስ ካየህ ቁም። ከመንገዱ ወደ ታችኛው በኩል ውረድና ፈረሰኛውን ሰላም በል። ፈረስ ከበላዩ የሚመጣበትን ነገር እንደ አውሬ ይፈራል። ድምፅህን ሲሰማ ግን ሰው መሆንህን ያውቃል። ከኋላው ድምፅህን አጥፍተህ በፍጹም አትቅረብ።

አሁን ወደ መንሸራተቱ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። አጥብቀህ ከያዝከው መዞሩን ያቆምና ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ተነስ። ሁለቱን ፔዳሎች በእኩል ከፍታ ላይ አድርግ። ዳሌህን ዝቅና ወደ ኋላ አድርግና ሁለቱንም ፍሬን በአንድ በአንድ ጣት፣ ቀስ በቀስ እያጠበቅክ ያዝ። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ አይደለም። በሚታይህ ርቀት ውስጥ መቆም ካልቻልክ ፈጥነሃል ማለት ነው። ሰው የሌለበት ለስላሳ ቁልቁለት ፈልግና አንድ ከሰዓት ሙሉ ይህንን ብቻ ተለማመድ።

መንሸራተት መንገዱንም ይጎዳል። ጎማህ የጫረውን መስመር ዝናብ ይከተለውና ቦይ ያደርገዋል። ጭቃ ሲያጋጥምህም በዳር አትዙር፤ መንገዱ በየዝናቡ እየሰፋ ሣሩን ይበላዋል። መሃል ለመሃል እለፍ። ጎማህ ጠልቆ የሚገባ ከሆነ ግን ተመለስና ሲደርቅ ና።

የጆሮ ማዳመጫህን ደግሞ፣ እባክህ፣ ቤት ተወው።

ጥያቄ፦ ወድቄ ራሴን ድንጋይ መታኝ። ሄልሜቴ ግን ምንም አልሆነም። ልጠቀምበት?

መልስ፦ እንኳን ተረፍሽ እህቴ። አትጠቀሚበት። የሚያድንሽ ከውስጥ ያለው ፎም ነው። እሱ ደግሞ የሚሠራው ራሱ ተጨፍልቆ ስለሆነ አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው አይመለስም። ውጭው ሳይጫር ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ እስክታገኚ አትንጂ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብዥታ ከተሰማሽ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ብቻሽን አትሂጂ።