ትሪተን ላይ ፒያኖው የሚደርቀውና ዘፈኑ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። «ያገለገለ ኮርግ ትሪተን ኪቦርድ ገዛሁ፤ ፕሮግ ላይ የሚያምረው ፒያኖ ሴክ ውስጥ ደረቅ ይላል፤ የቀዳሁት ዘፈንም ኪቦርዱን ሳጠፋው አብሮ ጠፋ፤ ጠጋኙ ቦርዱ ነው አለኝ» ብለሃል። ቦርዱን አታስነካ! በዚሁ ምክንያት ደህና ኪቦርድ ሲፈታ ማየት ያናድደኛል። ሁለቱም የሞድ፣ ማለትም የኪቦርዱ የሥራ ክፍሎች፣ ጉዳይ ናቸው።

1. ፕሮግ አንድ ድምፅ የሚሠራበት ነው። የተሠራው ድምፅ ፕሮግራም ይባላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ኦሲሌተር (የድምፅ ምንጭ) ይቆማል። ባለ አንዱ እስከ 62 ኖታ፣ ባለ ሁለቱ እስከ 31 ኖታ በአንድ ጊዜ ያሰማል።

2. ኮምቢ እስከ 8 ፕሮግራም ይደርባል ወይም በኪቦርዱ ላይ ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ልብ በል፤ ፕሮግራሙን ገልብጦ አይወስድም፣ በቁጥሩ ብቻ ይጠራዋል። ስለዚህ ፕሮግ ውስጥ አንድ ክራር አስተካክለህ በዚያው ቁጥር ላይ «ራይት» (ጻፍ) ካደረግክ፣ ያንን ቁጥር የሚጠራ ኮምቢም ዘፈንም ሁሉ ይለወጣል። ያስተካከልከውን ሁልጊዜ በባዶ ወይም በማትፈልገው ቁጥር ላይ ጻፍ። ሌላም አለ፦ ባለ ሁለት ኦሲሌተር 4 ፕሮግራም ከደረብክ አንድ ጣት 8 ድምፅ ይበላል። 62 ለ8 ሲካፈል 7 ጣት ነው፤ ስምንተኛውን ስትነካ የፊተኛው ይቆረጣል። ይህንንም «ቁልፉ ተበላሽቷል» የሚል አይጠፋም።

3. ሴክ ዘፈን የሚቀዳበት ነው፤ 16 ትራክ አለው። ያንተ ችግር እዚህ ስለሆነ ቁጥሩን ትቼ በደንብ ላስረዳህ።

ፕሮግ ላይ የሰማኸው ፒያኖ ብቻውን አልነበረም፤ ኢኪው፣ ኮረስና ሪቨርብ የሚባሉ ድምፅ ማሳመሪያ ኢፌክቶችን ለብሶ ነው። ልብሱ የፕሮግ ነው። ሴክ ውስጥ ትራኩ ፕሮግራሙን ሲጠራ ኦሲሌተሩና ፊልተሩ (የድምፁን ቀለም የሚያጣራው) ይመጣሉ፣ ኢፌክቱ ግን እዚያው ይቀራል። ዘፈኑ ለ16ቱም ትራክ 5 ኢንሰርት ኢፌክት (የተመረጠ ትራክ የሚያልፍበት) እና 2 ማስተር ኢፌክት (ሁሉም ትራክ የሚጋራው) ብቻ አለው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ይዞ ቢመጣ ቦታ አይበቃም ነበር።

መፍትሔው ይኸው። ሴክ ውስጥ ወደ ኢንሰርት ኢፌክት ገጽ ግባ፤ ስክሪኑ ላይ በቀኝ ጥግ ያለውን ሜኑ ነክተህ «ኮፒ ኢንሰርት ኢፌክት» በል፤ ከፕሮግራም መሆኑንና የፒያኖህን ቁጥር ምረጥ። ከዚያ የፒያኖውን ትራክ ባስ (ድምፁ የሚያልፍበት መስመር እንጂ ባስ ጊታር አይደለም) ወዳስገባኸው ኢፌክት አዙረው። ብዙ ሰው ይህቺን ትቶ «ገልብጫለሁ፣ ለውጥ የለም» ይላል። ሪቨርቡ ብዙ ጊዜ ማስተር ኢፌክት ላይ ስለሆነ እሱንም ለብቻው ገልብጥና የትራኩን ሴንድ 1 እና ሴንድ 2 (ወደ ማስተሩ የሚላከውን መጠን) ከፍ አድርግ። አምስቱን ኢንሰርት በስስት ያዛቸው፤ ለከበሮ፣ ለኦርጋንና ለዲስቶርሽን ጊታር አስቀምጥ። ሪቨርቡን ሁሉም ከማስተር ይጋራ። ኮምቢ ወደ ሴክ የምትወስድ ከሆነ ግን «ኮፒ ፍሮም ኮምቢ» አለልህ፤ ኢፌክቱም አብሮ እንዲመጣ ምልክት ማድረግ አትርሳ።

ዘፈኑ የጠፋው ደግሞ ሴክ ውስጥ የምትቀዳው በሙሉ ኪቦርዱ እስከበራ ድረስ ብቻ ስለሚቆይ ነው። ፕሮግራምና ኮምቢ «ራይት» ካልካቸው ኪቦርዱ ቢጠፋም ይኖራሉ፤ ዘፈንና ሳምፕል (የተቀዳ እውነተኛ ድምፅ) ግን አይኖሩም። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ከባድ ነው፤ አንድ ትራክ በጨረስክ ቁጥር ዲስክ ሞድ ገብተህ ኪቦርዱ ውስጥ በከተትከው ፍሎፒ ዲስክ ላይ ሴቭ አድርግ። ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን «ሴቭ ኦል» በል፤ ያለዚያ ያስተካከልካቸው ፕሮግራሞች በኋላ ሲለወጡ ዘፈኑ በሌላ ድምፅ ይከፈትብሃል። ፍሎፒው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ለዘፈን ብዙ ነው፣ ለሳምፕል ግን ስቴሪዮ 7 ሰከንድ ያህል ብቻ ይይዛል። ፍሎፒ ያረጃልና በሁለት ፍሎፒ ያዝ።

ግሎባል በሚባለው፣ የኪቦርዱ አጠቃላይ ማስተካከያ ባለበት ሞድ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ። ከኮምፒውተር ጋር በሚዲ (ኖታውን የሚያስተላልፍ ገመድ) ስታገናኘው አንዱ ኖታ ሁለት ጊዜ እየመታ ድምፁ የሚወዛወዝ ከሆነ «ሎካል ኮንትሮል»ን (ቁልፎቹን ከኪቦርዱ ከራሱ ድምፅ ጋር የሚያገናኘውን) አጥፋ፤ ገመዱን ስትነቅል መልሰህ አብራ። እሱ ጠፍቶ «ኪቦርዱ ድምፅ የለውም» ተብሎ ለጥገና ገንዘብ የተከፈለበት ትሪተን አውቃለሁ። ሁለተኛው፣ ማንም «የፋብሪካውን ዳታ መልስ» ቢልህ መጀመሪያ ፍሎፒ ላይ ሳትይዝ እሺ አትበል። ያገለገለ ትሪተን ውስጥ የቀድሞው ባለቤት የሠራቸው የማሲንቆና የዋሽንት ድምፆች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዴ ከተጻፈባቸው አይመለሱም።

ግሎባል ውስጥ ስላለው የራስ ስኬልም (በራስህ የምትሠራው ቅኝት) ልንገርህ፤ አንቺሆዬን በክራር አቃኘት ለመጫወት የሚፈልግ ብዙ ነው። 12ቱንም ኖታ እያንዳንዱን በሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ከፍና ዝቅ እያደረግክ በጆሮህ ታስተካክላለህ። ፕሮግ ላይ ቃኝተህ ኮምቢ ወይም ሴክ ውስጥ ቅኝቱ ከጠፋብህ ያው እንደ ኢፌክቱ ነው፤ በየትራኩ «የፕሮግራሙን ስኬል ተጠቀም» የሚለውን ምልክት አድርግበት።

ኢፌክቱን ገልብጠህም ፒያኖው ከደረቀብህ የትራኩን ባስና የሁለቱን ሴንድ ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ።