ክሮም «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል ጽሑፍ ሲያወጣ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት ያላቸው አንባቢ እንደጻፉልኝ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ በሥራ ላፕቶፓቸው ላይ ክሮም ሲከፈት በጉግል ፈንታ የማያውቁት የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል፤ አንድ ነገር ሲፈልጉ ስሙ በማይታወቅ አድራሻ በኩል ብልጭ ብሎ ያልፍና ያሁ ላይ ያርፋል። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ደግሞ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው ብቅ ይላል። በኤክስቴንሽኖች (በክሮም ላይ የሚታከሉ ትናንሽ ፕሮግራሞች) ገጽ ላይ እርሳቸው ያልጫኑት የፒዲኤፍ መቀየሪያ ተቀምጧል፤ ማስወገጃ ቁልፍ ግን የለውም፣ ማብሪያና ማጥፊያውም ደብዝዞ አልነካ ብሏል። አንድ ባለሙያ ክሮምን አራግፎ እንደገና ጫነላቸው፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ በማግስቱ ሁሉም ነገር እንደነበረ ተመለሰ።

ከእነዚህ ምልክቶች ሁሉ እኔን ያስቆመኝ በደብዳቤዎ መጨረሻ እንደ ዋዛ ያነሱት ነው፤ የክሮምን ሦስት ነጥብ ሲጫኑ ከዝርዝሩ ግርጌ «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» (በድርጅትዎ የሚተዳደር) የሚል መስመር ይታያል ብለዋል። ላፕቶፑ የግልዎ ነው፤ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ ማሽኑን ሳላየው ግምቴን ልናገር፦ ከነጻ ፕሮግራም ጋር ተዳብሎ የገባ ነገር በዊንዶውስ ሬጂስትሪ (የማሽኑ ቅንብሮች በሚቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ የክሮም ፖሊሲ፣ ማለትም ክሮም የሚታዘዘው ትእዛዝ፣ ጽፏል፤ ፖሊሲው ሲጠፋ መልሶ የሚጽፍ ሥራም በታስክ ስኬጁለር (ዊንዶውስ ሥራዎችን በቀጠሮ በራሱ በሚያስነሣበት መሣሪያ) ውስጥ ደብቋል። አንዳንድ ሕጋዊ አንቲቫይረሶችም ይህንኑ መስመር እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ ከማይወገድ ኤክስቴንሽን ጋር አብሮ ሲመጣ ግን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት አለ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የቆመው በዚህ ግምት ላይ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጽዳቱ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ላፕቶፕ ላይ የእርስዎንም ሆነ የደንበኛን የይለፍ ቃል አይጻፉ፤ የባንክም፣ የኢሜይልም። በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለውን መረጃ የማንበብ ፈቃድ ያገኘ ኤክስቴንሽን በሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ማየት ይችላል። እርስዎ ዘንድ ሰዎች የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ ይዘው መጥተው ቅጽ ያስሞላሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ክሮምን አራግፎ መልሶ መጫን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሲያራግፉ «የአሰሳ መረጃዬም ይጥፋ» የሚለውን ሳጥን ካልመረጡ የተጠቃሚው ፎልደር ባለበት ይቀራል። ሳጥኑን ቢመርጡም እንኳ ፖሊሲው በክሮም ፎልደር ውስጥ ስላልሆነ ማራገፉ አይደርስበትም፤ በዚያ ላይ በጉግል አካውንትዎ ሲገቡ ሲንኩ (ምርጫዎችዎን ከአካውንቱ ጋር የሚያመሳስለው) የተበላሸውን ምርጫዎን ከአካውንቱ ይመልሰዋል። ይህንን የማያጣራ ሰው ገንዘብ መቀበሉ ያሳዝነኛል፤ የባሰው ደግሞ ኤክስቴንሽኖችን ሳይከፍት «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ፎርማት ካደረገ በኋላ ያንኑ ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍት ፋይል) ከዚያው ፍላሽ ይጭነዋልና።

ስለ ፖሊሲው ትንሽ ልቆይበት፤ ይህ ነገር ከገባዎት ቀሪው ሥራ በራሱ ግልጽ ይሆናል። ክሮም ፖሊሲ የሚባለው የተሠራው ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነው። ብዙ ኮምፒውተር ያለው ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ የአይቲ ኃላፊውን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሊያዞረው ስለማይችል፣ ኃላፊው ትእዛዙን አንድ ቦታ ይጽፋል፤ ትእዛዙ በየማሽኑ ሬጂስትሪ ውስጥ «ፖሊሲስ» በሚባለው ክፍል ይቀመጣል። ክሮም የተጠቃሚው ምርጫ ከዚያ ትእዛዝ ጋር ከተጋጨ ትእዛዙን ያስቀድማል። ከትእዛዞቹ አንዱ «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት» ይባላል። በእርሱ ስር የተጻፈውን ኤክስቴንሽን ክሮም ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ ራሱ አውርዶ ይጭናል፤ የሚፈልገውን ፈቃድ በሙሉ ይሰጠዋል፤ የማስወገጃ ቁልፉንም ከተጠቃሚው እጅ ያወጣል። እርስዎ ያዩት የደበዘዘ ማብሪያ ይህ ነው።

በዚያ የሬጂስትሪ ክፍል ለመጻፍ የሚያስፈልገው የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ብቻ ነው፤ አንድን ፕሮግራም ሲጭኑ ዊንዶውስ «ይፈቀድለት ወይ» ብሎ ሲጠይቅ «የስ» ያሉት ፈቃዱን ለመስጠት ነበር። ክሮም ደግሞ ጸሐፊው እውነተኛ የአይቲ ኃላፊ መሆኑን አያጣራም። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የቀበሌ ማኅተም ካለበት ማኅተሙ በማን እጅ እንደተመታ ማን ይጠይቃል? ሌላም ነገር አለ፤ ከድርጅት ዶሜይን (የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን በአንድነት ከሚያስተዳድር አውታር) ጋር ባልተያያዘ ዊንዶውስ ላይ በዚህ መንገድ በግድ የሚጫነው በክሮም መደብር ውስጥ ያለ ኤክስቴንሽን ብቻ ነው። ይህ ማለት ያ የፒዲኤፍ መቀየሪያ የመጣው ከጉግል ከራሱ መደብር ሊሆን ይችላል፤ «መደብር ውስጥ ስላለ ንጹሕ ነው» የሚለው አነጋገር ውኃ አያነሳም። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ከሠሪው ዲጂታል ቁልፍ የሚወጣ 32 ፊደላት ያሉት መለያ አለው፤ ፊደላቱም ከላቲኑ ኤ እስከ ፒ ካሉት ብቻ ናቸው። ስሙንና አርማውን ሠሪው እንደፈለገ ይለዋውጣል፣ መለያው ግን በዚያ ቁልፍ እስከተሠራ ድረስ አይለወጥም። ስለዚህ በስም ሳይሆን በመለያው ያድኑት።

አሁን ወደ ሥራው። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ በእኛ በኩል መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና ሬጂስትሪ እየነኩ ማሽኑ እንዲጠፋብዎ አይፈልጉም። የስልክዎን ሆትስፖት ይዝጉ። በክሮም አድራሻ መጻፊያ ላይ በላቲን ፊደል ክሮም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ከዚያም ፖሊሲ ብለው ይጻፉ። ያልተበላሸ የግል ኮምፒውተር ላይ ይህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። እርስዎ ግን ፎርስሊስት የሚለውንና ምናልባትም የመፈለጊያውን አድራሻ ያስቀየረ ሌላ መስመር ያገኛሉ፤ የ32ቱን ፊደላት መለያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ቀጥሎ ከኮንትሮል ፓነል የተጫኑትን ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን ያሰልፉ። ዝርዝሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ጥቅምት አጋማሽ ማለት እዚያ ላይ የኦክቶበር መጨረሻ ነው፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ወሩ ከቀኑ ቀድሞ እንደሚጻፍም አይዘንጉ። በዚያ ሰሞን የገባ የፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ «ድራይቨር አፕዴተር» ወይም ቪዲዮ ማውረጃ ካለ ያራግፉት።

ከዚያ ታስክ ስኬጁለርን ይክፈቱ። ሬጂስትሪውን ከዚህ በፊት አይንኩ፤ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ነው ያጠፋውን ነገር ከሰዓት በኋላ መልሶ የሚያገኘው። ትርጉም የሌለው ስም ያለው፣ በየሰዓቱ ወይም ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር የሚነሣ፣ «አክሽንስ» በሚለው ስር ፓወርሼልን ወይም ደብሊው ስክሪፕትን (ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ የዊንዶውስ መሣሪያዎች) ከአፕዳታ ወይም ከፕሮግራምዳታ ፎልደር የሚጠራ ሥራ ካገኙ የሚጠራውን ፋይል ቦታ ይመዝግቡ። ሥራውን መጀመሪያ «ዲሴብል» ያድርጉት፣ ከዚያ ይሰርዙት፣ ፋይሉንም ካለበት ያጥፉት። የጉግል፣ የማይክሮሶፍትና የላፕቶፑ አምራች ሥራዎች እዚያ መኖራቸው የተለመደ ስለሆነ አይንኳቸው።

አሁን ሬጂስትሪው። ሬጂስትሪ ኤዲተርን ከፍተው ሎካል ማሽን ስር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል ብለው ይግቡ፤ «ክሮም» የሚለውን ፎልደር በራይት ክሊክ ኤክስፖርት አድርገው ቅጂ ካስቀሩ በኋላ ያጥፉት። ከረንት ዩዘር ስርም ተመሳሳዩን ያድርጉ። በማይክሮሶፍቱ አሳሽ በኤጅም ላይ ችግሩ ካለ በዚያው ፖሊሲስ ስር ማይክሮሶፍት ውስጥ «ኤጅ» የሚለውን ይፈልጉ። ከዚህ ሌላ ምንም አይሰርዙ። አንዳንዱ ጠላፊ ትእዛዙን በዊንዶውስ ሲስተም 32 ውስጥ ባለው የተደበቀ «ግሩፕ ፖሊሲ» ፎልደርም ስለሚያስቀምጠው፣ በግል ማሽን ላይ የዚህን ፎልደር ይዘት ማጥፋት ይቻላል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ግን እውነተኛ ኃላፊ አለውና እጅዎን ይሰብስቡ።

የዴስክቶፑን የክሮም ሾርትከትም ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ታርጌት» የሚለውን መስመር እስከ ጫፉ ይመልከቱ። ሳጥኑ አጭር ስለሆነ ጫፉ አይታይም፤ ጠቋሚውን ከውስጡ አስገብተው «ኤንድ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ከመዝጊያው ጥቅስ ምልክት በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ካለ ይሰርዙት፤ የፕሮፋይል ስም የሚጠራ ትእዛዝ ከሆነ ጉዳት የለውም።

ክሮምን ሲከፍቱት ኤክስቴንሽኑ አሁን ይወገዳል። በቀኝ ጥግ የሚወጣው የቫይረስ ማስፈራሪያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ገጽ ላይ «አላው» ብለው የፈቀዱት ኖቲፊኬሽን ነው። በሳይት ሴቲንግስ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ገጾች አይተው የማያውቁትን ሁሉ ያስወግዱ። በመጨረሻ ከሴቲንግስ «ሪሴት»ን ይምረጡ፤ ቡክማርክና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች አይነኩም፣ ኤክስቴንሽኖች ግን ሳይሰረዙ ሁሉም ሥራ ያቆማሉ።

ይህ ነገር ከየት ገባ ለሚለው፣ የላፕቶፑን ዊንዶውስ ማን እንደጫነው ባላውቅም ያገለገለ ነው ስላሉኝ እጠረጥራለሁ። ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ ዊንዶውሱን በአክቲቬተር (ያለ ፈቃድ በሚያስከፍት ፕሮግራም) ከፍቶ ይሰጣል፤ አክቲቬተሩ እንዳይያዝ የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ ዲፌንደርን ያጠፋል ወይም አንድን ፎልደር በሙሉ «አይፈተሽ» ብሎ ያስመዘግባል። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተመዝግቦ ቢያገኙ አይደነቁ፣ ያስወግዱት። «ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን» ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ያብሩ። ከዚያ ሆትስፖቱን መልሰው ከፍተው ከማልዌርባይትስ ድረ ገጽ በቀጥታ አድደብሊውክሊነር የተባለውን ነጻ መሣሪያ አውርደው ይፈትሹ፤ መጫን አያስፈልገውም። ማሽኑ ዊንዶውስ 10 ከሆነ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃም ይወቁት።

የይለፍ ቃሎቹን ከንጹሕ ስልክ ይለውጡ፤ ከተበከለው ላፕቶፕ ላይ መለወጥ አዲሱን ቃል ለጠላፊው ማስረከብ ነው። መለወጡ ብቻም አይበቃም፤ ኤክስቴንሽኑ እርስዎ የገቡበትን አካውንት ክፍት የሚያደርገውን ኩኪ (አሳሹ የሚያስቀምጠውን ትንሽ መረጃ) ወስዶ ከሆነ ጠላፊው ያለ ይለፍ ቃልም ይገባል። ስለዚህ በጉግል አካውንትዎ ውስጥ የተያያዙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍተው የማያውቁትን ያስወጡ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ያብሩ።

ወደፊት ኤክስቴንሽን ሲጭኑ «በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለ መረጃዎን ያነብባል፣ ይለውጣል» የሚል ማስጠንቀቂያ ካመጣ ሥራው ያንን ይጠይቅ እንደሆነ ያስቡ። ፒዲኤፍ ለመቀየር ይህ ፈቃድ አያስፈልግም። አስቀድሞ ጥሩ የነበረም ይለወጣል፦ ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለውና ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ የነበረው ኤክስቴንሽን በ2020 ለሌላ ባለቤት ተሸጦ፣ በፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ጎጂ ነገር አለበት ብሎ ከመደብሩ አስወጥቶታል። ተጠቃሚዎቹ ምንም አዲስ ነገር አልጫኑም፤ ኤክስቴንሽን በራሱ ይታደሳልና። የግድ የሚያስፈልግዎትንም «ዲቴይልስ» ውስጥ ገብተው ሲጫኑት ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት።

ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ማሽኑን አጥፍተው ያስነሡ፣ ለጥቂት ሰዓት ክፍት ይተዉት፣ የፖሊሲ ገጹንም መልሰው ይዩ። ባዶ ከሆነ በአካውንትዎ ይግቡና ሥራዎን ይቀጥሉ። መስመሩ ከተመለሰ ያላገኙት ታስክ ወይም ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) አለ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ፍለጋም ካልሠራ ያን ጊዜ ፎርማት እስማማለሁ። የዊንዶውሱን መጫኛ ግን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርደው በባዶ ፍላሽ ያዘጋጁት፤ እስከዚያ ድረስ፣ ደግሜ እላለሁ፣ የማንንም የይለፍ ቃል በዚያ ላፕቶፕ ላይ አይጻፉ።